የአያ ተገኘ ዓመት

የእህቴ ልጅ ሕይወት ዘመን መለወጫን እኔ ዘንድ ለማሳለፍ ጎንደር መጥታለች። የምትሠራው አዲስ አበባ ነው፤ የድሮ የዝናብ መዝገቦችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ዕረፍት ላይ ነኝ ትላለች እንጂ ያንን ኮምፒውተር ከጭኗ አታወርደውም። ጳጉሜ ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ብቻዋን ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ። ይኸን ሁሉ ገጽ ስገለብጥ እንደዚህ ያለ የሚያምር ዓመት አጋጥሞኝ አያውቅም።»

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልሁ። ቢጫ የሆነ የቅጽ ወረቀት ፎቶግራፍ ነው። ከላይ የጣቢያው ስም «ጓሳ ሜዳ» ይላል። ከሥሩ ወሩ፣ ቀኑ፣ የዘነበው መጠን፣ ቀን ወይስ ሌሊት የሚል ዓምድ፣ በረዶ የሚል ዓምድ። ከታች በስተቀኝ ስም የሌለው ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ሁለት ጊዜ የተጠማዘዘ፣ የጉረኛ ፊርማ። ያን ፊርማ ከተውሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ሳየው ግን ወዲያው አወቅሁት።

«አዩ፣ ዝናቡ ሁሉ ማለት ይቻላል በሌሊት ነው። በረዶ የለ፣ ምን የለ። በዚያ ዓመት የዚያ አገር ገበሬ ጠግቦ ነው የከረመው» አለች ሕይወት።

የዘገንሁትን ቆሎ ወደ ሳህኑ መለስሁት።

«አጥፊው» አልኋት።

«ምኑን?»

«ያንን ገጽ። ከኮምፒውተሩ አጥፊው።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። ከዚያ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ኮስተር ብላ፣ «ጋሼ፣ መረጃ ዝም ብሎ አይጠፋም። ምክንያቱ በጽሑፍ መቅረብ አለበት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔም ሌሎች ይኸን ደንብ ቢያከብሩት ኖሮ እያልሁ ላማርር አልችልም፤ ያላከበርሁት ራሴ ነኝ። እንግዲህ ምክንያቱን ልጻፍ።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። አባቴ በሕፃንነቴ ሞቶ፣ እናቴ ዳባት ገበያ በርበሬና ጨው እየቸረቸረች እኔንና እህቴን አሳደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ማትሪክ ወደቅሁ። ወደቅሁ ስል ለጥቂት እንዳይመስላችሁ፤ ውጤቴን ያየው አስተማሪዬ እንኳ ሊያጽናናኝ አፉን ከፍቶ የሚለው ሲያጣ መልሶ ዘጋው። እናቴ ግን ደጅ ጠንታ፣ አማላጅ ልካ፣ ደባርቅ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሥራ አስገኘችልኝ፤ የዝናብ መዝጋቢ።

ከደባርቅ ወደ ስሜን በሚያወጣው መንገድ፣ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ተሂዶ ጓሳ ሜዳ የሚባል የገብስ አገር ነበር። እዚያ ከአንድ ገበሬ ጓሮ፣ አፏ ሰፋ ያለ ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ቆማለች። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በሆዷ ይጠራቀማል። መዝጋቢው ዘወትር ጠዋት በሦስት ሰዓት ውሃውን ወደ መስፈሪያ ብርጭቆ ገልብጦ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አንብቦ፣ ቅጹ ላይ ይጽፋል። ቅጹ በካርቦን ሦስት ቅጂ ይሆንና በወሩ መጨረሻ ደባርቅ ይገባል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። የዓይን ብርሃንና ጠዋት የመነሣት ልማድ ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል፤ እኔ ሁለተኛው ይጎድለኝ ነበር።

የጓሮው ባለቤት አያ ተገኘ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። በልጅነታቸው ለድቁና ተምረው ያቋረጡ፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ ሲናገሩ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ከሚስታቸው ከእትዬ ፈንታዬና ከልጃቸው ከምስጋናው ጋር ነው የሚኖሩት። ምስጋናው የኔ እኩያ ነው፤ አግብቶ እዚያው ግቢ ጎጆ ወጥቷል። እኔን በኅዳር ወር ሲቀበሉኝ አያ ተገኘ ቆርቆሮዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ንጉሡ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ደርግ ደግሞ ጸሐፌ ዝናብ ላከልን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜን የጠራ ሰው የለም። በአገሩ ሁሉ ጸሐፌ ዝናብ ሆንሁ።

ብርዱ አይነገርም። ጥርና የካቲት ጠዋት ላይ ቆርቆሮዋ ውርጭ ለብሳ ስነካት ጣቴን ትይዘኛለች። ቁንጫውን ተዉት። ቤቱ ግን ደግ ቤት ነበር። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ማታ በአመድ የተጠበሰ ድንች በእናቴ በርበሬ። እትዬ ፈንታዬ ድንቹን ከአመዱ አውጥታ፣ አራግፋ፣ መጀመሪያ የምታቀብለው ለኔ ነው። «የሰው ልጅ አደራ ነው» ትላለች። ምስጋናው ደግሞ ያሾፍብኛል። «ባዶ ቆርቆሮ አይተህ ‘የለም’ ብለህ ትጽፍና ደመወዝ ትበላለህ። እኔም ባዶ ጎተራየን እያየሁ የለም የለም ብየ ብጽፍ ይከፍሉኝ ይሆን?» ይለኛል።

የዚያ ዓመት በልግ መልካም ነበር። ይኸን እውነት ለክቻለሁ፣ እውነት ጽፌአለሁ። መጋቢት ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለስላሳ ካፊያ ጣለና መሬቱ ለማረሻ ተመቸ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር ግንቦት ልደታ የደረሰው።

ልደታ በኛ አገር ከቤት ውጭ ነው የሚከበረው። ጎረቤቱ ሁሉ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰብስቦ ንፍሮ ተቀቅሏል፣ ጠላ ተቀድቷል። ሥራ የለም። እንደዚህ ባለ ቀን ገበሬ ስለ ዝናብ ካላወራ ስለምን ያወራል? አያ ተገኘ ሁለተኛውን ዋንጫ ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

«እንግዲህ እግዜር ‘አንተ ተገኘ፣ የዘንድሮውን ዝናብ ላንተ ሰጥቸሃለሁ፣ እንደ ወደድህ አድርገው’ ቢለኝ፣ እኔ ምን አደርግ ነበር መሰላችሁ?»

«እርስዎማ ጓሮዎ ብቻ ያዘንባሉ» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

«ዝም በል፣ ልናገርበት። መጀመሪያ ዝናቡ በሌሊት ይዝነብ። ቀኑን ለኛ ይተውልን። ዶሮ ሲጮህ ያባራና ገበሬ በፀሐይ ይረስ።»

«ብቅሌስ?» አለች ጠላ ሻጯ እትዬ ደብሬ። «ሌሊት ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ርጥበቱ መች ያስደርቅልኛል?»

«ላንች ብቅል ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን እንሰጥሻለን። ለአረምም ይሆናል።»

«እኔስ ቀን ቀን ቢዘንብ ነው የምወድ። አባየ ‘ተነሥ፣ እንረስ’ ሲሉኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር» አለ ምስጋናው። እናቱ በንፍሮው ጭልፋ ትከሻውን መታችው።

እንደዚያ እየተሳሳቁ፣ እየተጨቃጨቁ፣ አንድ ዓመት ሠሩ። አያ ተገኘ ዳኛ ናቸው፤ የሁሉንም ሰምተው ይፈርዳሉ። ግንቦት ላይ ሁለት ከባድ ዝናብ ብቻ። ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ በየሌሊቱ። በሐምሌ ሥላሴ ቀን ጠብ አይበል፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን በደረቁ ይሂድ። ነሐሴ ላይ በረዶ የሚባል ነገር አገሩን አይርገጥ። ለቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን የሚያጮሁበት ብራ ይሁን። ከመስቀል በኋላ አንድ ስስ ዝናብ ለገብሱ ፍሬ ይውረድና ሰማዩ ይዘጋ፤ ውርጭም ጥቅምት እስኪወጣ ይታገሥ። በኅዳር ለመውቂያ የሚሆን ነፋስ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ።

እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለጨዋታ ያህል እጽፋለሁ። «ጻፍ እንጅ፣ ጸሐፌ ዝናብ!» ይሉኛል። ሁሉም አለቀ ሲባል አያ ተገኘ ጣታቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሩፋኤልን ረስተናል። ጳጉሜ ሦስት ቀን በቀን ይዝነብ። ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው እንዲጠመቁበት። ይችን አንዲት ቀን ብቻ ከሌሊቱ ነጥቀን ለልጆች።»

ጻፍሁት። እትዬ ደብሬ እልል አለች።

ሰኔ ሲገባ እኔ ወደ ደባርቅ ወረድሁ። ቀበሌው ለአብዮት በዓል የኪነት ቡድን እያዘጋጀ ነበርና ክራር ይመታል ተብዬ ተጠራሁ። እውነቱን ለመናገር ክራሬ የሚያስጠራ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ነኝ አስጠሩኝ ያልሁት። ከዘፋኞቹ መሐል አልማዝ የምትባል ልጅ ነበረች። በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አገባች፤ የኔን ክራር ከነመኖሩም የምታስታውሰው አይመስለኝም። ለዚች ብዬ ነው እንግዲህ ቆርቆሮዋን ትቼ የወረድሁት።

ለአያ ተገኘ ግን እንዲህ አልኋቸው፦ «ቆርቆሮዋ ራሷ ይዛ ትቆያለች። በወር አንዴ መጥቼ ሁሉንም አነበዋለሁ።» እንዴት እንደሚሆን አልጠየቁኝም። የተማረ ሰው ተናገረ፤ አለቀ። «እንኪያስ እኛ ከጥጃ እንጠብቅልሃለን» አሉኝ። እትዬ ፈንታዬ በማግሥቱ ዙሪያዋን እሾህ አጠረችላት።

ደባርቅ ውስጥ ከአንድ ጠላ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይቼ ነበር። የሰኔ ቅጽ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ወደ ጓሳ ሜዳ ለመውጣት ተነሥቼ፣ ጭቃውን አይቼ፣ ልምምዱን አስቤ፣ መልሼ ተቀመጥሁ። ባዶው ቅጽ ፊቴ ነው። ምን ልጻፍ? የልደታው ደብተር ትዝ አለኝ። ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ በየሌሊቱ ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩን አንዱን ቀን ከፍ፣ አንዱን ቀን ዝቅ አደረግሁ፤ እውነት እንዲመስል። ጽፌ ስጨርስ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ለአያ ተገኘ ስጦታ ያበረከትሁ መሰለኝ። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንና መስከረምን ቀድሜ ጻፍኋቸው። አዎን፣ ገና ያልመጣውን ዝናብ! ጳጉሜ ሦስት ላይ ስደርስ «ቀን» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርሁበት። ከዚያ በዚያ ፊርማዬ ፈረምሁ።

አይ ልጅነት እንዳልል ልጅ አልነበርሁም። ሃያ ዓመቴ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ምስጋናው ገበያ መጥቶ ኪነት ቤት ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። ከስቷል። «ጸሐፌ ዝናብ፣ እኛ ዘንድ ጉድ ሆነናል» አለኝ። ሰኔ ዝናቡ ጀመረና ቆመ። ዘሩ መሬት ውስጥ ደርቆ ቀረ። ለሌላ ዓመት ያስቀመጡትን አውጥተው ሁለተኛ ዘሩ። እሱ ሲበቅል ባለፈው ቅዳሜ ድንች ድንች የሚያክል በረዶ ወርዶ እርሻውን ከመሬት አስተኛው። «በረዶው ከላይ ከኛ አገር ብቻ ነው። እናንተ ዘንድ ደመናው እንኳ አልደረሰም ይባላል። ቆርቆሮዋ ግን ደህና ናት፤ እማየ ጠብቃታለች» አለኝና ከኮሮጆው አንድ እፍኝ የባቄላ ቆሎ አውጥቶ ሰጠኝ።

ያን ቀን ቅጹን መቅደድ እችል ነበር። የነሐሴው ገና አልገባም፤ ሳጥኔ ውስጥ ነው። አወጣሁት፣ አየሁት። ሦስቱም ቅጂ ንጹሕ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። አንዱን ባስተካክል የሰኔው ውሸት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ይኸ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ዛሬ ብናገረው ይሻላል፦ እንደዚያ ያማረውን ገጽ ማበላሸት አሳዘነኝ። የወረቀቱ ገብስ አሳዘነኝና የሰዎቹን ገብስ ረሳሁ። በወሩ መጨረሻ እንዳለ አስገባሁት።

ታኅሣሥ ላይ ደባርቅ የዘር ገብስ መጣ። የጫነው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ የጠየቁት ቀበሌዎች ብዙ። የሚያከፋፍል ኮሚቴ ተቋቋመና ገበሬዎቹ ወኪል ልከው እንዲያስረዱ ተጠሩ። ተራራው ላይ የታጠቀ ሰው ይዘዋወራል ስለሚባል ማንም ባለሥልጣን ወጥቶ እርሻ ለማየት አልፈለገም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከበረዶው የተረፈው ለከብት ተለቆ መሬቱ ባዶ ነው። እኔ መዝገቦቹን ይዤ እንድቀርብ ታዘዝሁ። አዳራሹ በር አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ አያ ተገኘ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። አይተውኝ ፊታቸው በራ። በእጃቸው ሰላም አሉኝ።

የጓሳ ሜዳ ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው ጓድ፣ «አባት፣ ሁሉም በረዶ መታኝ ይላል። ምን ማስረጃ አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አያ ተገኘ ተነሡ። ቃሉን አንድ በአንድ አስቀመጡት።

«ጌታው፣ ‘ገበሬ ዘር ለማግኘት ይዋሻል’ ብትሉ እውነታችሁን ነው። እኛን አትመኑ። መንግሥት ራሱ ያቆማት ቆርቆሮ ከጓሮየ አለች። ክረምቱን ሙሉ አጥር አጥረን፣ ከጥጃ ጠብቀን ይዘናታል። እሷ ወገን የላትም። መዝገቧ ይነበብ። ምስክራችን እሷ ናት።»

መዝገቡን ከእጄ የወሰደው ጸሐፊ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ንባቡ ሲጀመር ነው።

«ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሌሊት። ሰኔ አሥራ ሦስት፣ ሌሊት። ሰኔ አሥራ አራት፣ ሌሊት…»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ተገኘ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ያዳምጣሉ፤ ስሕተት አለ፣ አሁን ይታረማል የሚሉ ይመስላሉ። «ሐምሌ ሰባት፣ የለም።» ሐምሌ ሰባት ሥላሴ ነው። ቀና አሉ። «ነሐሴ፣ በረዶ በሚለው ዓምድ፣ የለም። ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ የለም። ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ የለም።» ቡሄ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከጸሐፊው ቀድመው የሚቀጥለውን ያውቁታል። «ጳጉሜ ሦስት፣ ቀን» ሲል ዞረው እኔን አዩኝ።

የንዴት አልነበረም አስተያየታቸው። ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ አሻጥር የሚባል ቃል ነበረ። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው በማግሥቱ አይገኝም። የመንግሥትን መዝገብ በሐሰት የሞላ፣ ለዚያውም ኪነት ቤት ክራር እየመታ፣ ምን እንደሚባል እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አዳራሹም ያውቃል። «ውሸት ነው፣ ይኸ ልጅ የጻፈው ነው» ቢሉ እውነት ነበር። ዘሩንም ያገኙ ነበር። እኔም ተነሥቼ «የጻፍሁት እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨብጬ ዋጥሁት።

«ምስክሬ መዝገቧ ናት ብለው የለም ወይ፣ አባት?» አለ ሰብሳቢው።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

አያ ተገኘ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲህ… ሌሊት ከሆነ የዘነበው፣ እኛ ተኝተን ይሆናል» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ያ ክቡር ሰው፣ የአገሩ ዳኛ፣ ቆመው ተሳቀባቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አያ ተገኘ አብደው እንደሆነ ለማወቅ፣ ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። ዘሩ ለሌላ ቀበሌ ተወሰነ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ከባሕር ዛፍ ላይ ያሰሯትን በቅሎ እየፈቱ ነበር። አጠገባቸው ደርሼ ቆምሁ። እሳቸው ልጓሙን እያስተካከሉ፣ ሳያዩኝ፣ «ሩፋኤልን እንኳ አልረሳህም» አሉ።

«አያ፣ ልመለስና ልናገር። አሁኑኑ እናገራለሁ።»

«ተው።» ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። «ዘር ብናጣ ከዘመድ እንለምናለን። አንተን ከወሰዱህ እናትህ ካንተ ሌላ ወንድ ልጅ ከማን ትለምናለች?» ከዚያ ወደ በቅሎዋ ወጡ። እኔም ተው ሲሉኝ ተውሁት። ቶሎ ነው የተውሁት፤ ሁለተኛ እንኳ አላስባልኋቸውም።

ከዘመድ ግን የሚበቃቸውን ያህል አላገኙም። ሁሉም የተመታ ዘመድ ነው። በሚቀጥለው ሰኔ የአያ ተገኘ እርሻ ግማሹ ጦም አደረ። የሚዘራው ያጣው ምስጋናው ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ፣ ለሰሊጥ አረም ቆላ ገባ። የደጋ ልጅ ነው፤ ወባ አያውቅም። መስከረም ላይ ታሞ ሲመለስ ዛሪማ መንገድ ዳር ከአንድ ሰው ቤት በር ወደቀ። እዚያው ቀበሩት።

ወሬውን የነገረችኝ እትዬ ደብሬ ናት፤ ደባርቅ ገበያ ላይ ብቅል ልትሸጥ መጥታ። «ለቅሶ አትደርስም ወይ? ‘ጸሐፌ ዝናብ አልመጣም ወይ’ እያለች ፈንታዬ ትጠይቃለች» አለችኝ።

በማግሥቱ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ሄጄ ቤቱ ከሚታይበት ጉብታ ደረስሁ። ከግቢው ሰው ተቀምጧል፤ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ከጓሮው ደግሞ ቆርቆሮዋ እሾኋን ታጥራ ቆማለች። ያቺ ሴት ልጇን ቀብራ እንኳ አጥሩን አላፈረሰችውም። ብገባ ድንቹን ከአመድ አውጥታ መጀመሪያ ለኔ እንደምትሰጠኝ አወቅሁ። እሱን አልቻልሁም። ከጉብታው ተመለስሁ።

ከሠራሁት ሁሉ የምጠላው ይኸንን ነው። የመጀመሪያውን ስንፍና ልበለው፣ ሁለተኛውን ፍርሃት ልበለው። ለቅሶ ሳይደርሱ መመለስን ግን ምን እለዋለሁ? ከዚያ አስተማሪነት ተምሬ፣ ዳባትም ጎንደርም ሠርቼ፣ ጡረታ ወጣሁ። ስንት ተማሪ ስለ ዋሸ ቀጥቻለሁ። አያ ተገኘም እትዬ ፈንታዬም ካረፉ ቆይተዋል። ወደዚያ ጉብታ ዳግም አልወጣሁም።

ይኸን ትናንት ማታ ጽፌ ለሕይወት ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነው የመጣችው። ኮምፒውተሯን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ባዶ ከተውሁት ‘ያልተለካ’ ብሎ ነው የሚይዘው» አለች።

«እሱ ነው ትክክሉ።»

ሰኔን አጠፋች፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን። ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ጣቷን ገታ አድርጋ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አጠፋችው፤ መስከረምንም። ያማረው ክረምት በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ አላልሁም። ከዓለም ላይ የአያ ተገኘ ዓመት የተረፈበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ሩፋኤል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን እየጣሉ እየጮሁ ወጡ። ሕይወትም ነጠላዋን አስቀምጣ፣ እንደ ሕፃን በባዶ እግሯ ግቢው መሐል ቆመች። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ይውጡ እንጂ! ጠበል እኮ ነው!» አለችኝ።

«አንች ተጠመቂ፣ ልጄ» አልኋት ከበሩ ሆኜ። «እኔ የሩፋኤልን ዝናብ ያኔ ጨርሼዋለሁ።»